አንድ እጅ ልጓም ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአዊ ዞን ጥርባ፣ አንድ ቤተሰብ የአባቱን ተዝካር ባወጣ በሦስተኛው ቀን ለውርስ ተቀመጠ። መሬቱ አላጣላም፤ አባት በሕይወት ሳሉ በአንደበታቸው ከፍለውት ነበር። ፈረሱ ለታላቁ ልጅ እንደሚሆን የተጠራጠረ የለም፤ የፈረሰኞች ማኅበር አባል እሱ ነው። የበጎቹና የባሕር ዛፉ ነገርም በግማሽ ሰዓት አለቀ። የቀረው ከአልጋው ራስጌ በላይ በችካል ተንጠልጥሎ የኖረ የቆዳ አፎት ነው። በውስጡ ሰባት መቶ ግራም የማይሞላ ብረት አለ። ያ ብረት ግማሽ ቀን ፈጀ።

«ይቺማ የአያታችን ደም ናት» አለ ታላቁ። «ለሚመጣው ጥር 23 ታጥቄያት እንጅባራ እሄዳለሁ።»

እህቱ እንጅባራ መምህርት ናት። «አያ፣ ፈረስ ላይ ሆነህ ሽጉጥ ምን ይሠራልሃል? ደግሞስ ፈቃድ አላት?» አለችው።

«የአባት ዕቃ ፈቃድ ይጠየቅበታል እንዴ እቴ?»

ታናሹ በመከላከያ አገልግሎ በአስር አለቃ ማዕረግ የተሰናበተ ነው። እስከዚያ ድረስ አልተናገረም። «እስቲ ወዲህ በላት፣ መጀመሪያ ልያት» አለ። ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ ካዝናውን ነቀለ። ባዶ ነው።

«አላልኩህም?» አለ ታላቁ። «አባዬ ጥይት ከጨረሰ ዘመን የለውም። ልጆቹ እንኳ ሲጫወቱባት ነው ያደጉት።»

ታናሹ አልመለሰለትም። ሁሉም ከፊቱ ገለል እንዲሉ በእጁ ምልክት ሰጠና አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቅዝቆ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ጎተተ። ዝገት ይዞት ስለነበር በሁለተኛው ሙከራ ነው የተከፈተው። አንዲት አጭር፣ ወፍራም ጥይት ዘልላ ወጥታ ጉዝጓዙ ላይ ወደቀች።

ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ የተናገሩት እናትየው ናቸው። «ስንት ዓመት ነው ጎርሳ ከራሴ በላይ ያደረችው?»

መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። «ባዶ መስሎኝ» የሚለው ቃል በየፖሊስ ጣቢያውና በየለቅሶው የተሰማ ቃል ነው። ካዝናው ሲወጣ ሽጉጡ ባዶ የሆነ ይመስላል። ግን የጎረሳት አንዲት ጥይት እዚያው ጉሮሮው ውስጥ ትቀራለች። የዚህ ስህተት ሥር ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሽጉጥ ራሱን በራሱ ማጉረስ ወደ ተማረበት ዘመን።

ከዚያ በፊት የነበረው ሪቮልቨር ነው። ሪቮልቨር ጥይቶቹን የሚይዘው በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ነው፤ ከበሮውን የከፈተ ሰው ስንት ጥይት እንዳለ በዓይኑ ይቆጥራል። ችግሩ ከአምስት ወይም ከስድስት ጥይት በላይ አለመያዙና እንደገና መሙላቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጭስ አልባው ባሩድ መጣ። እንደ ጥንቱ ጥቁር ባሩድ ብረቱን በጥቀርሻ አይደፍንም፤ ጉልበቱም የተመጠነ ነው። ያኔ የአውሮፓ መሐንዲሶች አንድ ነገር አሰቡ፦ ጥይቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ለምን በከንቱ ይባክናል? ያ ግፊት የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይስደደው፤ ባዶው ቀለህ ይውጣ፤ ሞላው ብረቱን ሲመልሰው ከካዝናው ሌላ ጥይት እየገፋ ያጉርሰው። ተኳሹ የሚጠበቅበት ለእያንዳንዱ ጥይት ቃታውን መሳብ ብቻ ነው። ከፊል አውቶማቲክ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ጉልህ ሥራ የሁጎ ቦርቻርት ሲሆን በ1893 በርሊን ውስጥ ተሠራ። የሚቆለፈው እንደ ጉልበት በሚታጠፍ ብረት ነው። በደንብ ይተኩሳል፤ ነገር ግን ለእጅ የማይመች ትልቅ ዕቃ ነበር። በ1896 በኦበርንዶርፍ ከተማ የማውዘር ፋብሪካ የራሱን አወጣ፤ የነደፉት በፋብሪካው ይሠሩ የነበሩ ፌደርለ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። አሥር ጥይት ይይዛል፤ እጀታው የመጥረጊያ እንጨት ይመስላል።

ዓመተ ምሕረቱን ላስተዋለ ሰው 1896 ማለት አድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተራራው ላይ የወደቁት የጣሊያን መኮንኖች ወገባቸው ላይ የታጠቁት በ1889 እ.ኤ.አ. ጦራቸው የተቀበለውን ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ አዲሱ ሽጉጥ ከፋብሪካ እየወጣ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የጣሊያን ባሕር ኃይል አምስት ሺህ ማውዘር ሽጉጥ አዘዘ።

አዲሱ መሣሪያ ወደዚህ አካባቢ ድንበር ለመጠጋትም ብዙ አልዘገየም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን የገደለው የማህዲስቶች ኃይል በመስከረም 1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ በእንግሊዝ ጦር ተደመሰሰ። በዚያ ውጊያ ፈረሰኛ ሆኖ የዘመተ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ነበር፤ ስሙ ዊንስተን ቸርችል። ትከሻው ቀደም ሲል ወልቆ ስለነበር ጎራዴ ማንሳት ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ በገዛ ገንዘቡ የማውዘር ሽጉጥ ገዝቶ ነበር። ሲጋልብ አንድ እጁ ልጓሙን ይዟል፣ በሌላው ይተኩሳል። ከዚያ ግልቢያ ተርፎ ወጣ፤ በኋላም ሽጉጡን አመስግኖ ጻፈ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚጠብቀው ጦሮች ሁሉ ተሽቀዳድመው አዲሱን ሽጉጥ እንደገዙ መስማት ይሆናል። የሆነው ተቃራኒው ነው። የእንግሊዝ ጦር ቸርችል ያመሰገነውን ሽጉጥ ትቶ ከሪቮልቨሩ ጋር ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ስዊዘርላንድ ቦርቻርትን፣ ማውዘርንና የማንሊኸርን ሥራ (ኢትዮጵያ ውስጥ ምንሽር የሚባለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው) እያስተያየች ዓመታት ፈተነች። በመጨረሻ በ1900 የቦርቻርትን ንድፍ ጌዎርግ ሉገር ያሻሻለበትን ሽጉጥ ተቀበለች። ሉገር የተሠራበት አገር ጀርመን ራሷ እንኳ ለባሕር ኃይሏ በ1904፣ ለምድር ጦሯ በ1908 ነው የተቀበለችው። ቤልጂየም በ1900 የጆን ብራውኒንግን ሽጉጥ ለመኮንኖቿ ሰጠች። ብራውኒንግ አሜሪካዊ ነው፤ የዩታ ሰው። ያሠራው ግን ሊየዥ አጠገብ ባለው የኤፍኤን ፋብሪካ ነው፤ በጎጃም ገበሬ ትከሻ ላይ የኖረው ቤልጅግ ጠመንጃም የዚሁ የሊየዥ አገር የጦር መሣሪያ ሥራ ውጤት ነው።

ለምን ይህን ያህል አመነቱ? ሽጉጥ ጦርነት አያሸንፍም። ከሃያና ሠላሳ ሜትር ወዲያ ብዙ እምነት አይጣልበትም። አድዋን ያሸነፈ ሽጉጥ የለም፤ ማይጨውንም ሽጉጥ አያድነውም ነበር። የሽጉጥ ልዩ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ሙሉ ከባለቤቱ ጋር ይውላል፣ ያድራል። መኮንኑ ሲበላ፣ ሲቀመጥ፣ ከወታደሩ ጋር ሲስቅ ወገቡ ላይ ነው። ከጠላት ይልቅ ለወገን የቀረበ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ጦሮቹ የጠየቁት ጥያቄ «ይገድላል ወይ?» የሚል ብቻ አልነበረም። «የማይፈለግ ቀን ዝም ይላል ወይ?» ብለውም ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የገፋው የአሜሪካ ጦር ነው። በፊሊፒንስ ደሴቶች በተደረገው ውጊያ የወታደሮቹ ባለ 38 ካሊበር ሪቮልቨር ሰውን ማቆም አቃተው የሚል ስሞታ በዛ። በ1904 አንድ መኮንንና አንድ ሐኪም ቺካጎ በሚገኝ የከብት ማረጃ ቦታ በከብቶች ላይ፣ በሌላ ቦታም በአስከሬን ላይ ሙከራ አድርገው ከ45 ካሊበር ያነሰ አይሁን አሉ። በ1907 የተለያዩ ፋብሪካዎች ሽጉጦቻቸውን ይዘው ቀረቡ። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ መፈተን፣ መመለስ፣ ማረም፣ እንደገና መፈተን ሆነ።

ብዙ የጠየቁት ፈረሰኞቹ ናቸው። ፈረሰኛ አንድ እጁ ልጓም ላይ ነው። ሽጉጡን አውጥቶ አቀባብሎ ሳለ ፈረሱ ቢደነብርበትስ? ሁለተኛ እጅ የለውም፤ የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ ከፈረሱ ጋር መታገሉ ነው። ያኔ ወይ ፈረሱን፣ ወይ ጓደኛውን፣ ወይ የራሱን እግር ይመታል። ስለዚህ ብራውኒንግ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው ከእጀታው ጀርባ ያለች ብረት ናት፤ መዳፍ ካልጨበጣት ቃታው አይሠራም፤ ሽጉጡ ከእጅ ቢያመልጥ ዝም ይላል። ሁለተኛው በፈረሰኞቹ ጥያቄ በ1910 ገደማ የመጣው በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ ነው፤ ልጓሙን ሳይለቁ፣ በዚያው ሽጉጡን በያዘው እጅ መቆለፍ ያስችላል።

በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ፈተና መጣ። ስድስት ሺህ ጥይት ተተኮሰ። በየመቶው እንዲበርድ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ በየሺሁ ተጠርጎ ዘይት ይቀባል። ተወዳዳሪው የሳቬጅ ሽጉጥ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተሰናከለ፤ የብራውኒንግ ኮልት አንድም ጊዜ አልተሰናከለም። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ጦሩ ተቀበለው። እስከ 1985 ድረስ ሰባ አራት ዓመት አገለገለ። የተካው የጣሊያኑ ቤሬታ ነው፤ ጥርባ ላይ ችካል ላይ የተንጠለጠለውን የሠራው ያው ፋብሪካ።

ይሁን እንጂ ያው ዕቃ ከጦሩ አጥር ውጭም ኖረ። ፋብሪካዎቹ ለኪስ የሚሆኑ ትንንሽ ሽጉጦችን በብዛት አምርተው ለከፈለ ሁሉ ሸጡ። ሰኔ 1914 እ.ኤ.አ. ሳራዬቮ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽና ባለቤታቸውን የገደለው በብራውኒንግ ነው፤ በ1910 በወጣው ሞዴል፣ በዘጠኝ ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከዚያ ተነሣ። ጥርባ ላይ ጉዝጓዙ ላይ የወደቀችው ጥይትም የዚያው ዓይነት ናት፤ ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው ያንኑ ብራውኒንግ የነደፈውን ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አጭር ነው።

የአማርኛው ስም ራሱ ይህን ሁለተኛ መንገድ ይናገራል። ሽጉጥ የመጣው «ሸጎጠ» ከሚለው ነው። ጠመንጃ በአደባባይ ትከሻ ላይ ይውላል፤ ስሙም የታወቀ ነው፦ ሰናድር፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ። ሽጉጥ ግን የተሸጎጠ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከአሠሪው ሳይሆን ከሚደበቅበት ቦታ ነው። በታሪክም ብዙ ጊዜ የመጣው በስጦታ፣ በማዕረግ ምልክትነት ወይም በምርኮ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጠጡት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ሰጪዋ አገር ጦሯን ይዛ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ ስጦታው የመጨረሻውን ቃል ተናገረ።

በሥርዓት ለመቀበል የተሞከረበት ዘመንም ነበር፤ ግን አጭር ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጂየም መኮንኖች የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ሆለታ ላይ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመራ የስዊድን ቡድን የጦር ትምህርት ቤቱን ከፈተ። የስዊድን ጦር ብራውኒንግን በ1907 እ.ኤ.አ. ተቀብሎ በደንብ ይዞ ያስተማረ ጦር ነው። እነዚያ አሠልጣኞች ይዘው የመጡት መሣሪያ መተኮስን ብቻ አልነበረም፤ ቆጥሮ መረከብን፣ ቆጥሮ ማስረከብን፣ ማን ምን እንደያዘ በመዝገብ ማስፈርንም ጭምር ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ከምናምን እንደቆየ የፋሽስት ጦር ገባ።

የጥርባው ሽጉጥ የመጣው በዚያ ጦር ወገብ ላይ ነው። ታናሹ ልጅ ዝገቱን በጨርቅ ሲጠርግ ጎኑ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ወጣ፦ የፋብሪካው ስም፣ 1937፣ ከአጠገቡም በሮማውያን ቁጥር 15። እህቱ ቁጥሩን አነበበችው እንጂ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋሽስቶች የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር። አሥራ አምስተኛው ዓመት ከጥቅምት 1936 እስከ ጥቅምት 1937 ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ የታረደበት ቀን፣ በዚሁ ዓመታቸው ውስጥ ይወድቃል።

ያ ሽጉጥ አያትየው እጅ እንዴት ገባ? ታላቁ ልጅ ዳንግላ ላይ ከአንድ የጣሊያን መኮንን ወገብ ፈትተውት እንደወሰዱት ከአባቱ ሰምቷል። እናትየው ግን አማቻቸው በበሬ እንደለወጡት ሲናገሩ በጆሯቸው ሰምተዋል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በዚህ አገር በእነዚያ ዓመታት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አርበኛ ሆነው በዱር ይኖሩ ነበር። በመስከረም 1933 ዓ.ም. እንጅባራ ላይ ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እርስ በርስ ሲፎካከሩ የኖሩት ሁለቱ መሪዎች፣ በኮሎኔል ሳንፎርድ አደራዳሪነት ሊረዳዱ ቃል ተገባቡ። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበሩን ተሻገሩ። በየካቲት የዳንግላው የጣሊያን ጦር ቦታውን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። የሚሸሽ ጦር ብዙ ነገር ጥሎ ይሄዳል። የተጣለውን ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ፣ ለማን አወረሰ የሚል መዝገብ ግን አልተከፈተም።

ስለዚህ የታላቁ ልጅ ሐሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። «ይቺን የያዙ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አንቺ ዛሬ በማን ቋንቋ ታስተምሪ ነበር?» ብሎ እህቱን ሲጠይቃት መልስ አጥታለች። ሌላም ጨመረ፦ «ሌሊት በር ሲንኳኳ ፖሊስ ነው የሚደርስልኝ?» ይህ ጥያቄ የአንድ ገበሬ ግትርነት ተደርጎ መታየት የለበትም። መንግሥት በማይደርስበት ቦታ የሚኖር ሰው መሣሪያህን አስረክብ ሲባል በምትኩ ምን እንደሚሰጠው መጠየቁ መብቱ ነው። ጥያቄውን የማይመልስ አስተዳደር ሕግ ስላወጣ ብቻ አይታመንም።

ግን ክርክሩ አንድ ነገር ያቀላቅላል። አያትየውን አርበኛ ያደረገው ሽጉጡ አይደለም። ጣሊያንን በጎጃም ተራሮች ያስጨነቀው የገበሬው ጠመንጃ፣ ስንቅ የምታቀብለው ሴት፣ መንገድ የሚያውቀው እረኛ ነው። ሽጉጡ የድሉ ማስታወሻ ነው እንጂ የድሉ ምክንያት አይደለም። ሌሊት በር ሲንኳኳም ሰማንያ ዓመት ያልተጠረገ፣ ሞላው የላላ፣ አንዲት ጥይት የጎረሰ ቤሬታ በር አይጠብቅም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አደጋ ላይ የጣለው ሌባን አይደለም፤ ከሥሩ የተኙትን እናትና ካዝናውን እየነቀሉ የተጫወቱበትን ልጆች ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ጦሮች ይህን አደጋ ያወቁት ጥሩ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም። በዚያው ሽጉጥ ቅኝ ገዝተዋል፣ ሰው ፈጅተዋል። ያወቁት የገዛ ወታደራቸው እየተመታ ሲያስቸግራቸው ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጨረሻው የብራውኒንግ ሽጉጥ፣ እሱ ከሞተ በኋላ ዲዮዶኔ ሴቭ የጨረሰው፣ ካዝናው ከወጣ ቃታው እንዳይሠራ የሚያደርግ ብረት ነበረው፤ የፈረንሳይ ጦር በጠየቀው መሠረት። ይህ ማለት «ባዶ መስሎኝ» የሚለው ቃል ቀድሞ በፈረንሳይኛ ተነግሮ ነበር ማለት ነው። እነሱ ቃሉን ሰምተው ብረት ሠሩለት፣ ደንብ ጻፉለት፣ መዝገብ ከፈቱለት። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሽጉጡ መጣ፣ ጥያቄው አልመጣም። ከጣሊያኑ በኋላ የስፔኑ ስታር መጣ፣ በደርግ ዘመን የሶቭየቱ ማካሮቭ መጣ፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በየኬላው ሲያዝ በዜና የሚሰማው የቱርክ ሽጉጥ። አንዱ የሹም ምልክት ሆነ፣ ሌላው የካድሬ፣ የመጨረሻው ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ ኪስ ውስጥ ገባ። የሁሉም ዕጣ አንድ ነው፦ መሸጎጥ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ግለሰብ መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። አዋጅ በራሱ ልጓም ነው፤ ግን ልጓም የሚይዝ እጅ ያስፈልገዋል። እጁም ሁለት ወገን ነው። መንግሥት በበኩሉ የሚመዘግበው ሊጠብቅ እንጂ ሊቀማ እንዳልሆነ በሥራው ማሳየት አለበት። ባለቤቱ በበኩሉ «የማን ነው? ጎርሷል ወይ? ማን ይደርስበታል?» ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል። ለሦስቱ መልስ የሌለው ሰው መሣሪያ አለኝ ቢልም፣ ያለው በእርግጥ አደጋ ነው።

ጥርባ ላይ ክርክሩን የፈታው የሕግ እውቀት አልነበረም። ታላቁ ልጅ ሽጉጡን እያገላበጠ ከእጀታው ሥር ያለችውን የብረት ቀለበት ለወንድሙ አሳየው።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ገመድ ማሰሪያ ናት፣ አያ። ፈረስ ላይ ሆነህ ከእጅህ ብታመልጥ መሬት እንዳትወድቅ፣ ከትከሻህ ጋር የምትታሰርበት።»

«ታዲያ ገመዷ የታለ?»

«ገመዷንማ ማን ወሰዳት? እኛ ያገኘናት ያለ ገመድ ነው።»

ታላቁ ትንሽ ዝም አለ። ፈረስ ያውቃል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚጋልበው የአድዋን ፈረሶች እያስታወሰ ነው፤ እሱም በጥር 23 ሕዝብ መሃል የደነበረ ፈረስ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷል። በዚያ መሃል ገመድ የሌላት፣ የጎረሰች ሽጉጥ ወገቡ ላይ አሰበ። ከዚያ «እሺ፣ ትመዝገብ። ግን በአያታችን ስም ካልሆነ አይሆንም» አለ።

በሳምንቱ ሦስቱም ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። መዝጋቢው ሽጉጡን ገልብጦ ዓይነቱን፣ ካሊበሩን፣ የተሠራበትን ዓመት ጻፈ። መለያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበና አንድ በአንድ አሰፈረ። ፋብሪካው ከመታው ቀን ወዲህ ያን ቁጥር ኢትዮጵያ ውስጥ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ «ባለቤት?» ሲል ጠየቀ።

ሦስቱ ተያዩ። ለሞተ ሰው የሚሆን መስመር ቅጹ ላይ የለም። መዝጋቢው ነገሩን ሲሰማ «ማስታወሻ» በሚለው ቦታ የአያትየውን ስምና «በአርበኝነት ዘመን የተገኘ» የሚል ጻፈበት። በባለቤት ቦታ ታላቁ ፈረመ። ፈቃዱ እስኪወሰን ድረስ ሽጉጡ እዚያው ቀረ።

በጥር 23 ታላቁ ልጅ ጋለበ። አንድ እጁ ልጓሙ ላይ ነበር፣ በሌላው አለንጋ ይዟል። ቤት ውስጥ እናትየው ችካሉን አላስነቀሉትም፤ የባላቸውን ጋቢ ሰቅለውበታል።